‘ሌላ’ ተብላ የተመዘገበችው ሳቢሃ

ሳቢሃ በቡሬ ገበያ ጨውና በርበሬ መሸጥ ከጀመረች ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። ደንበኞቿ ሳቋን ያውቃሉ፤ ምርቃቷን ያውቃሉ፤ በርበሬ ስትመርጥላቸው እንደማታታልላቸውም ያውቃሉ። እግሯን ግን ለብዙ ዘመን ያየ አልነበረም። ቀሚሷን ከሌላው ሴት ቀሚስ አስረዝማ ታሰፋለች። ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ገብታ ትቀመጥና ጫፉን ዙሪያዋን ታለብሰዋለች፤ ማታ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ትነሳለች። ገበያተኛው ይህን እንደ ትጋት ይቆጥርላት ነበር። “እንደ ሳቢሃ የሚተጋ ነጋዴ የት ይገኛል!” ይላሉ። እሷም ሰምታ በርበሬዋን ትመርጣለች።

የተወለደችው ከሊበን ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። አባቷ ጨርቅ በአህያ ጭነው ከገበያ ገበያ የሚዞሩ ነጋዴ ነበሩ። የመንደሩ አፈር ቀይ ነው፤ በክረምት እንደ ሊጥ ይጣበቃል፣ በበጋ እንደ ዱቄት ይቦናል። ሳቢሃ እንደ እኩዮቿ ሁሉ በዚያ አፈር ላይ ያለ ጫማ አደገች። አሥራ ሦስት ዓመት በሆናት መስከረም ብሽሽቷ ላይ ንፍፊት ወጣባት፤ ትኩሳት ጣላት፤ ቀኝ እግሯ ከቁርጭምጭሚቱ በታች አበጠ። ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ለቀቃት። እብጠቱ ግን አልለቀቃትም።

“የሞተ እባብ ረግጣ ነው” አሉ አንዳንዶቹ። “መጋኛ ነው” ያሉም ነበሩ። ከሁሉ የከፋው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚወራው ነበር፤ “የዘር ነው” የሚለው። ያኔ ስድስተኛ ክፍል ነበረች። አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ አንድ ቀን ደብተሯን ይዛ ወደ ሌላ ወንበር ሄደች። መምህሩም አይቶ ትምህርቱን ቀጠለ። ሳቢሃ በማግስቱ ትምህርት ቤት አልሄደችም፤ ከዚያ ወዲያም አልሄደችም። ሁለት ታናናሽ እህቶቿ ተራ በተራ ሲዳሩ እንግዳ እንዳያያት ጓዳ ተቀምጣ ሽንኩርት ከተፈች። ሙሽሮቹ ሲወጡ ከጓዳ ሆና እልል አለች። እልልታው ከማን እንደመጣ የጠየቀ የለም።

ጁማ የቡሬ ልብስ ሰፊ ነው። ጨርቅ ከአባቷ ይገዛ ስለነበር ቤታቸው ይገባል ይወጣል። ሳቢሃ ሃያ አራት ዓመት ሲሞላት ሽማግሌ ላከ። አባቷ ሰው ማታለል የማይወዱ ነበሩና ጁማን ለብቻው ጠሩት።

“ልጄ፣ የልጅቱን እግር አይተሃል ወይ?”

“አይቻለሁ፣ አባባ።”

“ታዲያስ?”

“እኔ ቁጭ ብዬ የምሠራ ሰው ነኝ። እሷም ቁጭ ብላ ትሠራለች። ለሩጫ አይደለም እኮ የምንጋባው።”

አባቷ ሳቁ፤ ሳቁና ደግሞ አለቀሱ። ኒካው ታሰረ፤ ሳቢሃ ቡሬ ገባች። በዓመቱ ሴት ልጃቸው ራጂያ ተወለደች።

ገበያ ላይ ካለው ጫማ አንዱም ለእግሯ አልሆን ሲል ጁማ አንድ ከሰዓት ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ እፊቷ ተንበረከከ። ቀሚስ እንደሚለካ ሁሉ እግሯን ዙሪያውን ለካ፤ ቁጥሩንም በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ጻፈ። ሳቢሃ በሻሿ ፊቷን ሸፈነች። ከአሥራ ሦስት ዓመቷ ጀምሮ ያንን እግር ከራሷ በቀር የነካው ሰው አልነበረም። በሳምንቱ ከወፍራም ሸራ የተሰፋ፣ ሶሉ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ፣ ፊቱ እስከ ጣት ድረስ የሚከፈት ጫማ አመጣላት። መልኩ አያምርም ነበር። ግን ገባላት።

ከጊዜ ብዛት ሳቢሃ አንድ ነገር አስተዋለች። ለሶላት በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ ስታደርግ እግሯም አብሮ ይታጠባል። በሳሙና አሽታ ባጠበች፣ በጣቶቿ መሃል ሳይቀር በንጹሕ ጨርቅ ባደረቀች፣ ቫዝሊን በቀባች ሰሞን ያ አጥንት ሰባሪ ትኩሳት አይመጣባትም። ችላ ካለች ይመጣል። ማንም አላስተማራትም፤ እግሯን እያየች ደረሰችበት። ጫማው ከተሰፋላት ወዲህ ደግሞ እብጠቱ ራሱ ጎደለ።

አቶ ገብረሰንበት ከቡሬ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ርቀው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ጨው የሚገዙት ከሳቢሃ ነው። አንድ ቅዳሜ ጨዋቸውን ተቀብለው እንደመሄድ እዚያው ቁጭ አሉ።

“እታለም፣ አንድ የማውቀው ሰው አለ” አሉ መሬት መሬት እያዩ።

“ምን ሆኑ ሰውየው?”

“ሰውየው ምንም አልሆነ። ልጅ አለችው፤ እግሯን አሟታል። ጫማ ሰሪ ለሌለው እግር ጫማ የሚሰፋ ሰው ቡሬ አለ ብለው ነገሩት።”

ሳቢሃ ልቧ ደነገጠ። የጁማን ጫማ አንድ ሰው አይቷል ማለት ነው። ቢሆንም ራሷን አረጋግታ “ልጅቱ ስንት ዓመቷ ነው?” ስትል ጠየቀች።

“ሃያ አንድ። ቤተ ክርስቲያን ከተሳለመች ሦስት ዓመት ሆናት። ቁስሉ ይሸታል፤ ሰው መሃል መግባት አልቻለችም። ሰው ሲጠይቀን ፍኖተ ሰላም አክስቷ ዘንድ ናት እንላለን።”

‘እንላለን’ ብለው የጨው ከረጢታቸውን አፍ ማሰር ጀመሩ። ሳቢሃ ያመለጣቸውን ቃል እንዳልሰማች ሆነች።

“እንግዲያው ለሰውየው ይንገሩልኝ፤ እሁድ እመጣለሁ። ሳሙና እኔ እይዛለሁ፤ እሳቸው ውሃ ያሙቁ።”

እሁድ በባጃጅ ሄዳ፣ መንገዱ ሲያልቅ አቶ ገብረሰንበት በላኩት በቅሎ ደረሰች። ልጅቱ የሻሽወርቅ ትባላለች። ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ አልወጣም አለች። ሳቢሃም አልለመነቻትም። መጋረጃው ፊት በርጩማ ስባ ተቀመጠች፤ ጫማዋን ፈታች፤ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች።

“እኔ እንግዲህ ይህን እግር ይዤ ከቡሬ ድረስ መጣሁ” አለች። “አንቺ ከመጋረጃ ወዲህ መምጣት አቃተሽ?”

መጋረጃው ተገለጠ። የሻሽወርቅ የሳቢሃን እግር ዓይኗን ሳትነቅል አየችው።

“እርስዎም?” አለች በመጨረሻ።

“እኔም። ነይ በይ፣ ውሃው ሳይቀዘቅዝ።”

ያን ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ አጠበቻት። ጥቂት በረኪና ጠብ የተደረገበት ውሃ፣ ከዚያ ሳሙና፣ ከዚያ ደረቅ ጨርቅ፣ ከዚያ ቅባት። እናትየዋ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። በሦስት ወር ቁስሉ ደረቀ፤ ሽታው ጠፋ። በሦስት ወር ውስጥ ወሬውም ዞረና፣ “የማውቀው ሰው አለ” እያለ ወደ ሳቢሃ የሚመጣው በዛ። እሷም ከጁማ ልብስ መስፊያ ጀርባ ያለችውን ክፍል ጠርጋ ሐሙስ ሐሙስ ሰዎቹን መሰብሰብ ጀመረች። ሰባት ሆኑ፣ ዘጠኝ ሆኑ።

ሳሙናው ለእያንዳንዱ ቤት ሸክም ሲሆን ሳቢሃ ሰዎቹን ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሱ ወጣት ነው፤ ልቡም ክፉ አልነበረም። የመዝገቡን ቅጽ ከላይ እስከ ታች አየው። ወባ አለ፣ ሳንባ ምች አለ፣ ተቅማጥ አለ፤ የእግር ዝሆኔ የሚል የለም። ከሁሉ በታች ካለው ‘ሌላ’ ከሚለው መስመር ላይ አንድ ጭረት ጨመረ።

“ለ‘ሌላ’ ምን ይሰጣል?” አለች ሳቢሃ።

ነርሱ አፈረ። “ለ‘ሌላ’ ምንም አይመጣም፣ እናቴ። እዚህ ያልተጻፈ አይታቀድም፤ ያልታቀደ አይገዛም።”

ሲስተር ሠርክአዲስ ቡሬ የደረሱት በ2015 ጥር ላይ ነው። በአዲስ አበባ ባለ አንድ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ መነኩሲት ናቸው፤ ሁለት ተማሪዎች አስከትለዋል። ቡሬ ላይ ሲስተር ማለት ነርስ ነውና የመጡ ዕለት ጧት ሃያ ሰው ከበራቸው ተሰለፈ። አንዲት አሮጊት ምላሳቸውን አውጥተው አሳዩአቸው። ሲስተር ሠርክአዲስ ሰዉን አስቀምጠው፣ “እኔ ነርስ አይደለሁም፤ መምህርት ነኝ” እያሉ ለእያንዳንዱ ሲያስረዱ ፀሐይ ከረረ። ሳቢሃ ይህን ከሩቅ ቆማ ታያለች። ሲስተር ጤና ጣቢያ ሄደው ስለ እግር በሽታ ሲጠይቁ ነርሱ ወደ እሷ ልኳቸው፣ ሐሙስ ዕለት ከጁማ ቤት ጀርባ ተገናኙ።

“ታዲያ ነርስ ካልሆኑ ምን ሊያደርጉልን መጡ?” አለች ሳቢሃ።

“እውነቱን ልንገርዎ? ዛሬ ምንም። እኔ የማስተምረው የሕዝብ ፖሊሲ ነው። ጤና ጣቢያ ምን መድኃኒት እንደሚገባ፣ ማን እንደሚሠለጥን፣ አገር በምን መንገድ እንደሚወስን ማለቴ ነው። የእናንተን ኑሮ አጥንተን ለሚወስኑት ሰዎች እንጽፋለን። ይሰሙናል ብዬ ግን ቃል አልገባልዎትም።”

ሳቢሃ ይህ መልስ ደስ አላት። እስከዚያ የመጣው ሁሉ ቃል ገብቶ ፎቶ አንስቶ የሄደ ነው።

ነገሩ ግን በመልስ ብቻ አላለቀም። የአቶ ገብረሰንበት ጎረቤት የሆኑ ሽማግሌ “የጎጃም ሰው ሆነህ ካቶሊክን ከቤትህ ልታስገባ? ያባቶቻችንን ነገር ረሳኸው?” ብለው ተቆጧቸው። በሳቢሃም በኩል የጁማ አጎት መጥተው “መነኩሲት ከቤትሽ ምን ትሠራለች?” አሉ። ሳቢሃ ነገር ማዞር ሰለቻትና ሲስተርን በቀጥታ ጠየቀቻቸው።

“ሲስተር፣ ሃይማኖታችንን ሊያስለውጡን ነው የመጡት ይላሉ።”

ሲስተር ሠርክአዲስ ሳቃቸው መጣ። “አሥራ ሁለት ዓመት ሳስተምር ተማሪዎቼን ማርፈድ እንኳ ማስተው አልቻልኩም። እርስዎን ሃይማኖት ላስለውጥ?” ሁለቱ ተማሪዎች አቀረቀሩ። ሲስተር ከሳቁ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “እኔ የከምባታ ልጅ ነኝ። ይህ በሽታ በእኛም አገር አለ፤ አክስቴ በዚህ ኖራ በዚህ ሞተች። በዩኒቨርሲቲያችን የሚያስተምሩን አንድ ነገር አለ፤ አንድ ሕግ ሲወጣ ከሁሉ በታች ያለው ሰው ምን አገኘበት ብላችሁ ጠይቁ ይሉናል። እኔም ልጠይቅ ነው የመጣሁ።”

“ይህንስ የኛም ሃይማኖት ይለዋል” አለች ሳቢሃ። በዚህ ተግባቡ።

ሲስተር ከመጻፌ በፊት ማጠቡን አስተምሩኝ አሉ። የሻሽወርቅ ያን ዕለት መጥታ ነበርና ፈቀደች። ሲስተር ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ተንበረከኩ። ሳቢሃ በላያቸው ቆማ እንደ ተማሪ ታርማቸዋለች። “እንዲያ አይሹት፤ ቀስ። በጣቶቿ መሃል ገና እርጥብ ነው፤ ይድገሙት። እንደ ሕፃን ገላ ይያዙት እንጂ!” ሲስተርም “እሺ፣ እሺ” እያሉ ይደግማሉ። የሻሽወርቅ ዕንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል።

“ምነው፣ አሳመምኩሽ?” አሉ ሲስተር።

“አይደለም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ካህን የምእመኑን እግር የሚያጥበው በዓመት አንድ ቀን፣ በጸሎተ ሐሙስ ነው። እሱንም ጤነኛ እግር ያለው ነው የሚቀርብ። እኔ ቀርቤ አላውቅም።”

ሲስተር ጨርቁን አንስተው የሌላኛውን እግር ጣቶች አንድ በአንድ ማድረቅ ቀጠሉ።

ከዚያ ወዲያ ጥናቱ አምስት ወር ፈጀ። ተማሪዎቹ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በደምበጫ ዙሪያ ገጠር ለገጠር ዞሩ። ሳቢሃ ባትኖር ግን ማንም በር ባልከፈተላቸው። ከየቤቱ ቀድማ የምትገባው እሷ ነበረች፤ ጫማዋን ትፈታና ተማሪዎቹን ትጠራለች። እነሱም ይጠይቃሉ፤ በወር ስንት ቀን ትተኛላችሁ? ስንት ማኅበር፣ ስንት ሰርግ፣ ስንት ለቅሶ ቀረባችሁ? ከየቤቱ ጓዳ ሰው ወጣ። አቶ ዘሩ የሚባሉ ሽማግሌ የወንድማቸውን ቀብር እንኳ ከሩቅ ቆመው እንዳዩ ሲናገሩ አንደኛው ተማሪ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ወደ ውጭ ወጣ። ሳቢሃ ተከትላው “ተመለስ፤ ሰውየው ሃምሳ ዓመት ጠብቀው ነው የነገሩህ” አለችው። ተመለሰ።

ክረምቱ ገባ፤ በነሐሴ አገሩ ታመሰ። መንገድ ተዘጋ፤ ስልክ አልሠራ አለ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ መኪና ሲቀር የሲስተርም ድምፅ ቀረ። አንድ ወር፣ ሦስት ወር፣ ስድስት ወር። ሳሙናው ተወደደ፤ በረኪና ከሱቅ ጠፋ። የሻሽወርቅ ከቤት መውጣት ባልቻለችባቸው ሳምንታት ትኩሳቱ ተመልሶ ጣላት። ሐሙስ የሚመጡት ሰዎች ተመናመኑ። አንዲት ሴት ከገበያ መሃል ድምጿን ከፍ አድርጋ “እግራችንን ጽፈው አዲስ አበባ ሸጡት! አስጎብኚያችን ሳቢሃ ናት” አለች። ሰው ሳቀ።

ሳቢሃ ያን ቀን ገበያው ሳይበተን ተነሥታ ቤቷ ገባች። “ከእንግዲህ እግሬን ለማንም አላሳይም፤ ሐሙሱም ይብቃኝ” አለችው ለጁማ። ጁማ የስፌት መኪናውን አቆመ። “ለአዲስ አበባዎቹ ሰዎች ብለሽ ነበር ስታጥቢ የነበረው?” አላት። ስፌቱንም ቀጠለ። በሚቀጥለው ሐሙስ የመጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሳቢሃ ሁለቱን አጠበች።

በግንቦት ስልኩ ተለቀቀ። ከተለቀቀ በሁለተኛው ቀን ጧት የሳቢሃ ስልክ ጮኸ።

“ሳቢሃ፣ በሕይወት አሉ?”

“አልሃምዱሊላህ። እርስዎስ ረሱን አይደል?”

“ሁለት ጊዜ ደጀን ድረስ መጥቼ መልሰውኛል” አሉ ሲስተር። ድምፃቸው ተቆራረጠ፤ በኔትወርኩ ይሁን በልቅሶ አልታወቀም። “ሥራው ግን አልቆመም። ጽፈነዋል። ለኃላፊዎች አቅርበነው ነበር። እነሱ ግን ‘ጤና ጣቢያዎች ስለዚህ በሽታ ሪፖርት አላደረጉልንም፤ ስለዚህ ችግሩ ሰፊ ሊሆን አይችልም’ ብለው መለሱልን። በሰኔ ባሕር ዳር የምክክር ስብሰባ አለ። እርስዎ ይምጡልኝ።”

“እኔ ስድስተኛ ክፍልን ያልጨረስኩ?”

“እኔ ዶክተሬት ጨርሼ ነው ያልሰሙኝ።”

በሰኔ ጁማና ሳቢሃ በሚኒባስ ተሳፍረው በእንጅባራ በኩል ባሕር ዳር ገቡ። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ወንበሩ ሁሉ ነጭ ጨርቅ ለብሷል። ሲስተር ሠርክአዲስ ፊት ቆመው ጥናቱን አቀረቡ፤ ሥዕል አሳዩ፤ ቁጥር አሳዩ። ሰብሳቢው አቶ ሃይለ ሚካኤል የሚባሉ ጠጉራቸው የሸበተ ኃላፊ ነበሩ። በትሕትና አመስግነው፣ “ዩኒቨርሲቲው የደከመበት ሥራ ነው፤ ነገር ግን እኛ የምንመራው ከጤና ጣቢያ በሚመጣ ሪፖርት ነው። በሪፖርቱ ይህ በሽታ የለም” አሉ። ከዚያ ሳቢሃ ተጠራች።

እስከ መድረኩ ያለው መንገድ ረጅም መሰላት። ቀሚሷን ማሳጠር አልደፈረችም፤ ሰው እያያት በዝግታ ተራመደች። ማይኩን ሰጧት። በሁለት እጇ ያዘችው።

“ስሜ ሳቢሃ ነው። ቡሬ ላይ ጨውና በርበሬ እሸጣለሁ” አለች። “ጌታዬ ሪፖርት አልመጣልንም አሉ፤ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ጤና ጣቢያ አምስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ አምስቱንም ጊዜ ተጽፌያለሁ። ከመዝገቡ ግርጌ ‘ሌላ’ የሚል መስመር አለ። እኔ እዚያ ነኝ። የሻሽወርቅ የምትባል ልጅ አለች፤ እሷም እዚያ ናት። አቶ ዘሩ የሚባሉ አባት አሉ፤ እሳቸውም እዚያ ናቸው። እኛ ጠፍተን አይደለም። ሪፖርቱ ሲመጣልዎት እኛም አብረን መጥተናል፤ ማን ናችሁ ብሎ የጠየቀን የለም እንጂ።”

ከዚህ በላይ ልትናገር ያጠናችው ነበር፤ ሁሉም ጠፋባት። “ይኸው ነው” ብላ ማይኩን መለሰች።

አቶ ሃይለ ሚካኤል ወደ ባለሙያዎቻቸው ዞሩ። “በእነዚህ ወረዳዎች ‘ሌላ’ የሚለው ቁጥር ስንት ነው? ውስጡስ ምንድነው?” ማንም አላወቀም። ሲስተር ሠርክአዲስ ይህን ጊዜ ከቦርሳቸው ሁለት ገጽ ወረቀት አወጡ። ተማሪዎቻቸው ከሦስት ጤና ጣቢያዎች ‘ሌላ’ የተባለውን አንድ በአንድ ዘርዝረው ነበር፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እግር ነው። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

በሻይ ሰዓት ኃላፊው ሳቢሃ ወደ ተቀመጠችበት ጥግ መጡ። ጁማ ሊነሳ ሲል በእጃቸው አስቀመጡት።

“ወይዘሮ ሳቢሃ፣ እኔ የደምበጫ ልጅ ነኝ” አሉ። “እናቴ ሰርጌ ላይ አልመጣችም። አሞኛል ብላ ላከችብኝ። ተምሬ የኮራሁባት መስሏት ነው ብዬ ሃያ ዓመት ተቀይሜአታለሁ። ከሞተች በኋላ ነው እህቴ የነገረችኝ። እግሯ ነበር። በሙሽራዬ ቤተሰብ ፊት አሳፍረዋለሁ ብላ ነው።”

ሳቢሃ የሻይ ሲኒዋን አስቀመጠች። ከዚያ “እልል ብለውልዎታል” አለች።

“እንዴት?”

“እኔ የእህቶቼ ሰርግ ላይ ጓዳ ነበርኩ። ማንም አላየኝም እንጂ እልል ብያለሁ። እናትዎም ደምበጫ ከቤታቸው ሆነው እልል ብለውልዎታል። ይመኑኝ።”

ሰውየው መሐረባቸውን አውጥተው መነጽራቸውን ለረጅም ጊዜ ጠረጉ።

የተቻላቸው አንድ ነገር ነበር፤ እሱም አንድ ዓመት ፈጀ። በክልሉ ቅጽ ላይ አንድ መስመር ተጨመረ፤ ‘የእግር ዝሆኔ’ የሚል። በዚያ መስመር ላይ ቁጥር መግባት ሲጀምር ሳሙና፣ ቅባትና ፋሻ በዕቅድ ተያዘ። በ2017 ክረምት መጨረሻ የመጀመሪያው ካርቶን ቡሬ ደረሰ። ነርሱ ለሳቢሃ ደውሎ ‘ነይ’ ሳይላት በፊት ራሱ በባጃጅ ይዞት ከገበያ መጣ፤ ገበያው መሃል ከፍቶ አሳያት። ጤና ባለሙያዎቹ ሁለት ቀን ሲሠለጥኑ ማጠቡን ያስተማሩት ሳቢሃና የሻሽወርቅ ናቸው። ሳቢሃ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት እግሯን ዘርግታ “ከዚህ ጀምሩ” አለች።

ሁሉም ግን አልተሟላም። ጫማው በጀት የለውም ተባለ፤ ሲስተርና ተማሪዎቻቸው ስለ እሱ ሌላ ወረቀት እየጻፉ ነው። መንገድ የማይደርስባቸው ቀበሌዎች እስካሁን ምንም አላገኙም። የሻሽወርቅ ደህና ናት። አሁን ፍኖተ ሰላም በእውነት አክስቷ ዘንድ ትኖራለች፤ እዚያ ባለ ጤና ጣቢያ ለእግር ታካሚዎች ረዳት ሆና ትሠራለች። በጥምቀት ነጭ ለብሳ ታቦት ስትሸኝ አቶ ገብረሰንበት ፍኖተ ሰላም ድረስ ሄደው አዩአት።

በዚያው ሰሞን ሲስተር ሠርክአዲስ ቡሬ መጡ። ማኅበራቸው ወደ ደቡብ፣ ወደ ሌላ ሥራ መድቧቸዋል፤ ሊሰናበቱ ነው። ሳቢሃ ቤት አደሩ። ምን እንደምታበላቸው ጨንቋት ነበር፤ የሁለቱ ሥጋ አይገናኝም። በኋላ ሽሮ ሠራች፤ ሲስተር ሁለቴ አስጨመሩ። በማግስቱ ጧት መናኸሪያ ተቀምጠው አውቶቡሱ እስኪሞላ ጠበቁ።

“በእኔ ቦታ የምትመጣው መምህርት ጎበዝ ናት። ትወጂያታለሽ” አሉ ሲስተር። ‘አንቺ’ መባባል ከጀመሩ ቆይተዋል።

“እኔ ሰው ቶሎ አልወድም።”

“እኔን ቶሎ አልወደድሽኝም?”

“አንቺ ቃል አልገባሽልኝም፤ እሱ ነው የጠቀመሽ።”

ተሳሳቁ። ረዳቱ ‘አዲስ አበባ!’ እያለ መጣራት ሲጀምር ሲስተር ተነሡ።

“ሳቢሃ፣ ጸልይልኝ።”

“በየትኛው?”

“በምታውቂው።”

ሳቢሃ ሁለት እጇን ዘርግታ እዚያው መናኸሪያ መሃል ዱዓ አደረገችላቸው፤ ሲስተርም አንገታቸውን ደፍተው እስክትጨርስ ቆሙ፤ ሲጨርሱ ተቃቅፈው ተላቀሱ። ሰው ቆሞ አያቸው። ሳቢሃም ‘ይየን’ ብላ ተወችው።

አውቶቡሱ ወደ ፍኖተ ሰላም ዞሮ ከዓይን ሲጠፋ በሻሿ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። ሐሙስ ነበር። ነርሱ ሁለቴ ደውሎላታል፤ ፈረስ ቤት ከምትባለው አገር በእግራቸው ሲጓዙ ያደሩ ሰዎች መጥተዋል አላት። ባጃጅ ጠርታ ገባችና “ጤና ጣቢያ፤ ፈጠን በል” አለችው።